ማስታወቂያ ለማይወጣበት የኃላፊነት ቦታ መልማዮች እንዴት ያገኙናል?

መዝገብ ያዥ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች። ጉዳዬ ረዘም ያለ ስለሆነ በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ።

አርባ አንድ ዓመቴ ነው። በሒሳብ አያያዝ ተመርቄ ከወጣሁ ወዲህ አሥራ ስምንት ዓመት በዚሁ ሙያ ሠርቻለሁ፤ ከስድስት ዓመት ወዲህም ቃሊቲ አካባቢ በሚገኝ አንድ የማምረቻ ድርጅት ውስጥ የፋይናንስ መምሪያ ኃላፊ ነኝ። የኤሲሲኤ (መቀመጫው ብሪታንያ የሆነ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር) ፈተናዎቼን ጨርሻለሁ፤ ድርጅታችን በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ወደ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ሲሸጋገርም ሥራውን ከመሩት ሁለት ሰዎች አንዷ ነበርኩ። የሚቀጥለው እርከን ዋና የፋይናንስ ኃላፊነት ነው፤ እኔ ባለሁበት ቤት ግን ያ ወንበር ለቤተሰብ የተያዘ ስለሆነ ወደፊትም የሚለቀቅ አይመስለኝም።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ወር የገጠመኝ ነገር ነው። ቀድሞ አብሮኝ ይሠራ የነበረ፣ በልምድም በትምህርትም ከእኔ የማይበልጥ ባልደረባዬ፣ የውጭ ባለሀብቶች ባቋቋሙት አንድ ድርጅት ውስጥ እኔ በምመኘው መደብ ተቀጠረ። እንኳን ደስ ያለህ ለማለት ስደውልለት ማስታወቂያው የት ወጥቶ እንደነበር ጠየቅኩት። «ማስታወቂያ አልወጣም፤ መልማይ ነው የደወለልኝ» አለኝ። እኔ ረቡዕና እሑድ የሪፖርተርን የሥራ ማስታወቂያ ገጾች ሳላይ የዋልኩበትን ጊዜ አላስታውስም፤ ኢትዮጆብስንና የቴሌግራም ቻናሎችንም በየቀኑ እከታተላለሁ። ሲቪዬን ለሦስት የቅጥር አማካሪ ቢሮዎች ልኬ ነበር፤ ከአንዱም «ደርሶናል» የሚል ቃል እንኳ አልመጣልኝም።

እነዚህ መልማዮች ሰውን የሚያገኙት በምን መንገድ ነው? እኔስ ያላደረግኩት ነገር ምንድን ነው? የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ውለታው ይኖርብኛል።

የቀድሞ መልማይ

ውድ መዝገብ ያዥ፣ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ፤ መጀመሪያ ናይሮቢ፣ በኋላም አዲስ አበባ። አሁን ወደ ሌላ ሙያ ስለተዛወርኩ የማውቀውን ሳልቆጥብ ልነግርዎ እችላለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ የከፍተኛ አመራር መልማይ ሥራ ፈላጊን ወክሎ የሚሠራ ሰው አለመሆኑ ነው። ደንበኛው ቀጣሪው ነው፤ የሚከፍለውም ቀጣሪው ነው። በዓለም የታወቁት ትልልቅ ተቋማት፣ እነ ኮርን ፌሪ፣ ስፔንሰር ስቱዋርት፣ ራስል ሬይኖልድስና ሃይድሪክ ኤንድ ስትራግልስ፣ በልማድ የሚያስከፍሉት የተቀጣሪውን የመጀመሪያ ዓመት ክፍያ አንድ ሦስተኛ ያህል ሲሆን፣ ገንዘቡንም ፍለጋው ከተጀመረ አንሥቶ በየደረጃው ይቀበላሉ። አነስተኞቹ ቢሮዎች ግን በአብዛኛው የሚከፈላቸው ያቀረቡት ሰው ሲቀጠር ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ለእርስዎም ትርጉም አለው። ቅድሚያ የሚከፈለው መልማይ ጊዜ ወስዶ፣ ጠይቆና አጣርቶ ይፈልጋል፤ ሲቀጠር ብቻ የሚከፈለው ግን ሌላው ሳይቀድመው ያገኘውን ሲቪ ለቀጣሪው ለማድረስ ይጣደፋል። ስለዚህ ከሁለተኛው ዓይነት ጋር ሲሠሩ ሲቪዎን ለማን እንደሚልክ አስቀድሞ እንዲያስፈቅድዎ በጽሑፍ ያሳውቁት። ሁለት ቢሮዎች አንድን ሰው ለአንድ ቀጣሪ ሲያቀርቡ «ክፍያው የእኔ ነው» የሚል ክርክር ይነሣል፤ ቀጣሪውም ከጭቅጭቁ ለመራቅ ዕጩውን ራሱን ይተወዋል። ይህ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ከሦስቱ ቢሮዎች መልስ አለማግኘትዎ የብቃትዎ መመዘኛ እንዳይመስልዎ። መልማይ የሚሠራው በእጁ ባለው ትእዛዝ ነው። የፋይናንስ ኃላፊ ፈልግልኝ ያለው ደንበኛ በዚያ ሳምንት ከሌለ የእርስዎ ሲቪ ይቀመጣል እንጂ አይነበብም። ጨዋነቱ «ደርሶናል» ማለትን ይጠይቅ ነበር፤ እኛም ይህን ባለማድረጋችን ብዙ ሰው አስቀይመናል።

አሁን ፍለጋው ራሱ እንዴት እንደሚካሄድ ልግለጽ፤ የጥያቄዎ መልስ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ምግብ አምራች ድርጅት የፋይናንስ ኃላፊ እንድንፈልግለት አዘዘን። በመጀመሪያው ቀን የከፈትኩት የሲቪ ማኅደሩን አልነበረም። እንዲህ ያለ ሰው የሚገኝባቸውን ድርጅቶች በወረቀት ላይ ዘረዘርኩ፤ ቀጥሎም እነዚያን ድርጅቶች ከውጭ ሆነው የሚያውቁ ሰዎችን ስልክ ማፈላለግ ያዝኩ። አሥራ ሁለት ሰዎች ዘንድ ደወልኩ። ለሁሉም ያቀረብኩት ጥያቄ አንድ ነበር፦ «የወሩን ሒሳብ በጊዜው የሚዘጋ፣ ባንክ ፊት ቀርቦ የሚያሳምን፣ ለቦርድ ደግሞ ቁጥሩን በግልጽ የሚያስረዳ ሰው ቢጠሩልኝ ማንን ይጠራሉ?» ከአሥራ ሁለቱ አምስቱ የአንዲት ሴት ስም ጠሩ። አንደኛው የውጭ ኦዲተር ነበር፤ «የእሷ ቢሮ ስንገባ የምንፈልገውን ሰነድ ፍለጋ ቀን አናጠፋም፤ ጠይቀን ሳንጨርስ ይመጣልናል» አለኝ። ሁለተኛው የባንክ የብድር ባለሙያ ነበር፤ ብድሩ መዘግየቱ ባይቀርም እሷ ከመክፈያው ቀን በፊት ደውላ እንደምታሳውቀው ነገረኝ። ሦስተኛዋ ከእሷ ሥር ሠርታ ወደ ሌላ ድርጅት የሄደች ወጣት ነበረች። ሴትዮዋ ሲቪዋን ልካልን አታውቅም። ስደውልላት ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ከኮንቴይነር ጉዳይ ጋር ተያይዛ ስለነበር ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ እንድደውል ጠየቀችኝ። ከሁለት ወር በኋላ ቦታውን ያዘች።

ስለዚህ «መልማዩ እንዴት ያየኛል?» ከሚለው ይልቅ «መልማዩ ማንን ይጠይቃል? እነርሱስ ስለ እኔ ምን ይላሉ?» ብለው ቢጠይቁ ይሻላል። ለእርስዎ ሙያ የሚጠየቁት ሰዎች የውጭ ኦዲተሮች፣ የባንክ የብድርና የውጭ ንግድ ክፍል ሠራተኞች፣ የግብር አማካሪዎች፣ የኢንሹራንስ ሰዎች፣ ትልልቅ አቅራቢዎችና ከእርስዎ ሥር ሠርተው የወጡ ናቸው። እነዚህ ሰዎች እርስዎን የሚያውቁዎ ሥራ እየሠሩ ነው፤ ቢያንስ ጥቂቶቹ ግን ወደ ሌላ ኃላፊነት ለመሸጋገር ዝግጁ መሆንዎን ማወቅ አለባቸው። ካልነገሯቸው «ባለችበት ተመችቷታል» ብለው ስምዎን ይዘሉታል።

አንድ ነገር ልጨምር። መልማይ ደውሎ «ለዚህ ቦታ ማንን ይጠቁሙኛል?» ቢልዎ፣ ቦታው የማይመለከትዎ ቢሆንም እንኳ ሰው ይጠቁሙ። ብዙ ሰው «ጊዜ የለኝም» ብሎ ይዘጋል። አሥር ደቂቃ ሰጥቶኝ ሁለት ጥሩ ስሞችን የጠቆመኝን ሰው ግን በማስታወሻዬ ላይ ጽፌ አስቀምጠው ነበር፤ ለእርሱ የሚሆን ቦታ ሲመጣ መጀመሪያ የምደውለውም ለእርሱ ነበር።

ያየ ይናገር

ከላይ የተጻፈውን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን ልስማማ አልቻልኩም። ሃያ ሁለት ዓመት በሰው ኃይል አስተዳደር ሠርቻለሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ያየሁት ከፍተኛ ቦታ የሚሞላው በዘመድ፣ በትውውቅና በአብሮ አደግነት መሆኑን ነው። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ውድድሩን እንድመራ ታዝዤ፣ ዕጩዎችን ፈትኜ፣ ውጤት ደምሬ ካስረከብኩ በኋላ፣ ከተፈታኞቹ መካከል ያልነበረ ሰው ተሹሞ አየሁ። እነዚያ የተፈተኑ ሰዎች ዛሬም ፊታቸው ይታየኛል። ለእኅታችን «ኦዲተሩን አናግሪ» ብሎ መምከር ያንኑ የትውውቅ መንገድ ሌላ ስም መስጠት አይሆንም ወይ?

የቀድሞ መልማይ

ወንድሜ፣ የተናገሩት እውነት ነው፤ ያሳለፉትም ያሳዝናል። በብዙ የቤተሰብ ድርጅቶችና በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች መልማይ ጭራሽ አይጠራም፤ ቢጠራም የተወሰነውን ለማጽደቅ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ደርሶኝ የተውኩት አለ፤ ሳላውቀው የሠራሁትም አለ።

ይሁን እንጂ ትውውቅ ሁሉ አንድ አይደለም። ኦዲተሩ ስለ አንድ ሰው የሚመሰክረው ሥራውን በእጁ ስለመረመረ ነው፤ አጎት ግን ሥራውን አያውቅም። መልማይ የሚፈልገው የመጀመሪያውን ምስክር ነው፤ ምክንያቱም የተቀጠረው ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ቢለቅ ወይም ቢሰናበት በብዙ ውሎች መሠረት ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና መፈለግ ግዴታው ነው።

የመልማይ ሥራ የሚበዛው ቀጣሪው የራሱ ዘመድ በሌለበት ቦታ መሆኑንም ያስቡ። ሳፋሪኮም በ2013 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በይፋ ሥራ ሲጀምር በአገራችን ለአንድ ድርጅት ብቻ ተወስኖ የኖረው የቴሌኮም ሙያ ሁለተኛ ቀጣሪ አገኘ። በ2017 ዓ.ም. የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360 ለውጭ ባንኮች በር ከፈተ፤ በዚያው ዓመት በጥር ወር የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተመረቀ። ከውጭ የሚመጣ ባለሀብት የአገሩን ግብር፣ የውጭ ምንዛሪ ሥርዓትና የሠራተኛ ሕግ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፤ ማን እንደሆነ ግን አያውቅም። በባንክ ደግሞ የዋና ሥራ አስፈጻሚ ሹመት የብሔራዊ ባንክን ይሁንታ የሚጠይቅ ስለሆነ ማስረጃው አንድ በአንድ ይመረመራል። እኅታችን ዓይኗን ማሳረፍ ያለባት እንዲህ ባሉ ቦታዎች ላይ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው በአሜሪካ ሜሪላንድ ሲሆን፣ የምሠራውም በአንድ የጤና አገልግሎት ድርጅት የቅጥር ክፍል ውስጥ ነው። የቀድሞ መልማይ የተናገሩት የሰዎቹን በኩል ነው፤ እኔ ደግሞ ስለ ፍለጋው ሳጥን ልናገር። መልማዩ ስም ከተነገረው በኋላም ሆነ ከዚያ በፊት ሊንክድኢን በሚባለው የባለሙያዎች ማኅበራዊ ድረ ገጽ ላይ መፈለጉ አይቀርም፤ የእኛ ሰዎች የሚጠፉት ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

አንደኛው ምክንያት የስማችን አጻጻፍ ነው። አንዲት አዲስ አበባ የምትገኝ ባለሙያን ስም ሰጥተውኝ ስፈልግ አንድ ሰዓት ሙሉ ላገኛት አልቻልኩም። ፓስፖርቷ ላይ የአባቷ ስም በአንድ ዓይነት የላቲን ፊደል ተጽፏል፤ ዲግሪዋ ላይ በሌላ፤ ሊንክድኢን ላይ ደግሞ በሦስተኛ። ጸ፣ ቀ፣ ጠ እና ኃ ያለበት ስም ሁሉ ይህ ዕጣ ይገጥመዋል። በዚያ ላይ እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን፣ ፈረንጁ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ሲይዝ፣ ሌላው የአያትን ይይዛል። ፓስፖርትዎ ላይ ያለውን አጻጻፍ መርጠው በሲቪ፣ በኢሜይል አድራሻ፣ በሊንክድኢንና በሙያ ማኅበር መዝገብ ላይ ሁሉ አንድ ያድርጉት።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። አንድ ጊዜ የደረሰኝ ሲቪ የመጨረሻው ሥራ በ2014 እንደተጠናቀቀ ይገልጻል። አለቃዬ አይታ «ይህ ሰው ከዚያ ወዲህ ምን ሲሠራ ነበር?» ብላ ወደ ጎን አደረገችው። እኔ የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ስመለከት ጽሑፉ በአማርኛ፣ ዓመቱም በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አየሁ፤ ሰውየው ሥራውን ከለቀቀ ገና ጥቂት ወራት ነበሩ። አስረድቼ ወረቀቱን ከተጣለበት አነሣሁት፤ እኔ ባልኖርበት ኖሮ ግን የሰባት ስምንት ዓመት ሥራ ፈት ተብሎ ይቀር ነበር። ለውጭ አንባቢ በሚላክ ሲቪ ላይ ሁሉንም ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መልሱ፤ ተያያዥ ደብዳቤው በእኛ አቆጣጠር ከሆነም ይህንኑ በአንድ መስመር ግለጹ።

ሦስተኛው የጥንቃቄ ነገር ነው። ሊንክድኢን ሥራ ለመቀየር ዝግጁ መሆናችሁን ለሁሉም ወይም ለመልማዮች ብቻ የማሳየት ምርጫ ይሰጣል። ለመልማዮች ብቻ የሚለውን ስትመርጡ የራሳችሁ ድርጅት መልማዮች እንዳያዩት ይሞከራል፤ ሆኖም ሙሉ ዋስትና እንደሌለው ድርጅቱ ራሱ ያሳስባል። አዲስ አበባ ውስጥ ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት ሙያ ላይ ያላችሁ ይህን አስባችሁ ወስኑ።

የኮምቦልቻው

የሲልቨር ስፕሪንግ ጽሑፍ የእኔን ቁስል ነካው። ለረጅም ዓመታት በመንግሥት የልማት ድርጅት ውስጥ ስለሠራሁ የሥራ መደቤ መጠሪያ «የሥራ ሂደት ባለቤት» ነበር። ይህ መጠሪያ በመሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ ዘመን የመጣ ሲሆን፣ በመሥሪያ ቤት የኖረ ሰው ሁሉ ክብደቱን ያውቀዋል። እኔ ግን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ሲቪዬ ላይ ጻፍኩት። ቃለ መጠይቅ ያደረገልኝ የውጭ ዜጋ «ባለቤት ከሆንክ አክሲዮንህ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከሦስት መቶ በላይ ሠራተኛ የማስተዳድር፣ የምርት ክፍሉን በሙሉ የምመራ ሰው መሆኔን ለማስረዳት የቃለ መጠይቁ ግማሽ አለቀ።

አሁን መጠሪያውን ደብዳቤው ላይ እንዳለ አስቀምጬ፣ ከሥሩ «የምርት ክፍል ኃላፊ፤ ተጠሪነቱ ለዋና ሥራ አስኪያጁ፤ የሠራተኛ ብዛት ይህን ያህል» የሚል መስመር አስገባለሁ። ከደብዳቤው የሚለይ መጠሪያ ብጽፍ ግን ማጣሪያ ሲደረግ ዋሽቷል እባላለሁና፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን ማኖር ይሻላል እላለሁ። በነገራችን ላይ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። አለቃ ተቀይሮ፣ ማኅደር ጠፍቶ ከመንከራተት በየጊዜው መውሰድ ይበጃል።

ሰናይ

አጭር አስተያየት አለኝ። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና በአብዛኞቹ ዓለም አቀፍ የተራድኦ ድርጅቶች ውስጥ ቦታ የምትፈልጉ፣ መልማይ እስኪደውል አትጠብቁ። እነዚህ ድርጅቶች በአብዛኛው መደባቸውን በይፋ ያወጣሉ፤ የሚወዳደረውም ቅጹን በጥንቃቄ የሞላ ሰው ነው። የአገር ዳይሬክተርን የመሳሰለ ቦታ አልፎ አልፎ በመልማይ በኩል ይፈለጋል፤ ያኔም ቢሆን ብዙ ጊዜ ማስታወቂያው አብሮ ይወጣል።

ዱባይ ዴይራ

ወገኖቼ፣ እኔ የምጽፈው ለማስጠንቀቅ ነው። እዚህ ባሕረ ሰላጤው አካባቢ በኃላፊነት ደረጃ ሥራ የሚፈልጉ የተማሩ ልጆቻችን ሲታለሉ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። ባለፈው ዓመት አንድ መሐንዲስ ወዳጄ «የከፍተኛ አመራር መልማይ ነን» ከሚሉ ሰዎች ደብዳቤ ደረሰው። የሚያምር ድረ ገጽ አላቸው፤ በስልክም ሁለት ጊዜ ቃለ መጠይቅ አደረጉለት። በመጨረሻ «ለፋይል መክፈቻና ለሲቪ ማስተካከያ» ብለው ገንዘብ ጠየቁት። ለቤት ኪራይ ያስቀመጠውን ላከ። ከዚያ ወዲያ ስልኩን የሚያነሣ ጠፋ።

የቀድሞ መልማይ እንዳሉት ከፋዩ ቀጣሪው ነው። ይህ ልማድ ብቻ አይደለም። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ኢትዮጵያም ያጸደቀችው ኮንቬንሽን ቁጥር 181፣ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኞች በመርህ ደረጃ ከሠራተኛው ምንም ዓይነት ክፍያ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የሥራ ሕግም የቅጥር ወጪን በሠራተኛው ላይ መጫንን ይከለክላል። እውነተኛ መልማይ ስለ ሥራችሁ ይጠይቃችኋል፤ በመጀመሪያው ሳምንት የፓስፖርት ቅጂና የባንክ ቁጥር አይጠይቃችሁም። ሲቪ የሚያሳምር ባለሙያ ገንዘብ ቢጠይቅ ሥራው ነው፤ ያው ሰው መልማይም ነኝ ካለ ግን ሽሹት።

መዝገብ ያዥ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሦስት ቀን ጽሑፋችሁን ደጋግሜ አንብቤያለሁ። ሊንክድኢን ላይ ስሜ በሁለት ዓይነት አጻጻፍ መኖሩን ያወቅኩት ሲልቨር ስፕሪንግ ከጻፉ በኋላ ነው፤ የድሮው ገጼ ጭራሽ ተረስቶ ከስምንት ዓመት በፊት በነበርኩበት መደብ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ዘግቼዋለሁ።

አሁን ያስቸገረኝ ራሴን መግለጽ ነው። በእንግሊዝኛ የጻፍኩት መግለጫ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ትጉ፣ ታማኝና ለውጤት የምትሠራ የፋይናንስ ባለሙያ» የሚል ነው። እናቴ ስለ ራስ መናገር ነውር ነው ብላ ስላሳደገችኝ ከዚህ የበለጠ ስጽፍ እጄ ይያዛል። ደግሞስ የድርጅቴን ቁጥሮች አውጥቼ መጻፍ ምስጢር ማባከን አይሆንብኝም?

ስለ ሥራዬ ግን ልንገራችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ድርጅታችን ለውጭ አገር ጥሬ ዕቃ አቅራቢዎች የሚከፍለው ትልቅ ዕዳ ነበረበት። በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ስገባ ዕዳው በብር ሲሰላ ማደጉን እንጂ እስከ የት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከወራት በፊት ይህ ሊመጣ ይችላል ብዬ በሦስት የተለያዩ ተመኖች የተሠራ ስሌት አዘጋጅቼ ስለነበር፣ በዚያው ሳምንት ለቦርዱ ማቅረብ ቻልኩ። ከሁለት አቅራቢዎች ጋር የመክፈያ ጊዜውን እንዲያራዝሙ ተነጋገርን፤ ከባንኩም ጋር የብድር መክፈያ ሰሌዳውን አስተካከልን። ማንንም ሳናሰናብት ዓመቱን ዘጋን። የወሩን ሒሳብ መዝጊያም ሃያ ሁለት ቀን ይፈጅ የነበረውን ወደ ዘጠኝ አውርደነዋል።

የቀድሞ መልማይ

ውድ መዝገብ ያዥ፣ የመጨረሻው አንቀጽዎ መልማይ የሚፈልገው ነው። «ትጉና ታማኝ» የሚለውን ማንም ይጽፈዋል፤ በፍለጋ ሳጥን ውስጥም «ትጉ» ብሎ የሚፈልግ መልማይ የለም። የሚፈለገው የመደቡ መጠሪያ፣ የኢንዱስትሪው ዓይነት፣ የሙያ ማዕረጉና ያለፉበት ፈተና ነው። እንዲህ ብለው ቢጀምሩስ፦ «የፋይናንስ መምሪያ ኃላፊ፣ ማምረቻ ዘርፍ፤ ኤሲሲኤ፤ የውጭ ምንዛሪ ስጋት አያያዝ፣ የባንክ ብድር ድርድርና የዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ሽግግር።» ከሥሩ ደግሞ የሐምሌውን ታሪክ በአራት መስመር፣ የወር መዝጊያውን በአንድ መስመር።

የምስጢሩን ጉዳይ በተመለከተ ስጋትዎ ተገቢ ነው። የዕዳውን መጠን በብርም በዶላርም አይጻፉ፤ የአቅራቢዎቹንና የባንኩን ስም አይጥቀሱ። ከሃያ ሁለት ቀን ወደ ዘጠኝ የሚለው ግን የማንንም ምስጢር አያወጣም። ምስጢር የሚያባክን ዕጩ ነገ የእኛንም ያባክናል ተብሎ ስለሚፈራ መልማይ ይህን ጥንቃቄ በበጎ ያየዋል። የእናትዎን ምክር ደግሞ መጣስ አያስፈልግዎትም። እርስዎ «ጎበዝ ነኝ» አላሉም፤ የሆነውን ነው የተናገሩት።

መልማይ ሲደውል ቢሮ ውስጥ ከሆኑ «አሁን አመቺ ቦታ ላይ አይደለሁም፤ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ቢደውሉልኝ» ማለት ይበቃል፤ ማንም አይቀየምም። በተመቸዎ ሰዓት ሲነጋገሩ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ቦታው ለምን ክፍት ሆነ፣ ተጠሪነቱ ለማን ነው፣ ቀጣሪው በመጀመሪያው ዓመት ምን እንዲሠራለት ይፈልጋል። የድርጅቱን ስም በመጀመሪያው ጥሪ ላይነግርዎ ይችላል፤ ይህ የተለመደ ነው። ሲቪዎ ለቀጣሪው ከመተላለፉ በፊት ግን ስሙን የማወቅ መብት አለዎት። የአሁኑን ደመወዝዎን ከጠየቀዎ ከጥቅማጥቅሙ ጋር በትክክል ይናገሩ፤ የትራንስፖርትና የቤት አበል፣ የነዳጅ፣ የሕክምናና የጉርሻ ነገር ተለይቶ ካልተነገረ ንጽጽሩ ይዛባል። ጨምሮ መናገር በደመወዝ መግለጫ ሲጣራ ይጋለጣል፤ ያኔ የሚጠፋው ቦታው ብቻ ሳይሆን መልማዩ ዘንድ ያለው ስምም ነው።

ያየ ይናገር

የእኅታችንን የሐምሌ ታሪክ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። በሃያ ሁለት ዓመቴ ያየሁትን አልክድም፤ ነገር ግን እኔ ፈተናውን በምመራበት ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው ሲቪው ላይ «ትጉና ታማኝ» ብሎ ጽፎ አልፌው ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ ከፊሉ የእኔ፣ ከፊሉ የወረቀቱ ይሆን ነበር። የቀድሞ መልማይ ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከእርስዎ ሥር ሠርተው የወጡትን አይርሱ። የኃላፊን ጠባይ በትክክል የሚናገሩት እነርሱ ናቸው፤ እኔም ሳጣራ ብዙ የተማርኩት ከእነርሱ ነበር።

መዝገብ ያዥ (ጠያቂ)

ትናንት ሁለት ስልክ ደወልኩ። የመጀመሪያው ለውጭ ኦዲተራችን ነበር፤ ከዓመታዊ ምርመራው ውጭ ደውዬላቸው ስለማላውቅ መጀመሪያ የደነገጡ መሰለኝ። ወደ ዋና የፋይናንስ ኃላፊነት ለመሸጋገር ዝግጁ መሆኔን፣ ነገሩ ግን በእኛ መካከል እንዲቆይ የምፈልግ መሆኔን ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ፣ ባለፈው መጋቢት ወር አንድ ሰው ደውሎ እንዲህ ያለ ባለሙያ እንደጠየቃቸው፣ የእኔ ስም በአፋቸው ጫፍ ላይ መጥቶ «እሷ አትለቅም» ብለው እንደተዉት ነገሩኝ። ሁለተኛው ስልክ ከእኔ ሥር ጀማሪ ሆና ሠርታ አሁን አንድ ባንክ ውስጥ ለምትገኝ ልጅ ነበር። እሷም የአንድ መልማይ ስልክ ቁጥር ነገ እልክልሻለሁ ብላኛለች።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፦ የኤሲሲኤ ምስክር ወረቀቴ ላይ ያለው የአያቴ ስም ከፓስፖርቴ በአንድ ፊደል ይለያል። ማኅበሩ እንዲያስተካክልልኝ ልጠይቅ ወይስ ሲቪዬ ላይ ማብራሪያ ብጽፍ ይበቃል?

ሲልቨር ስፕሪንግ

ማኅበሩን ይጠይቁ፤ የፓስፖርትዎን ቅጂ አያይዘው ይላኩላቸው። መልሱ እስኪመጣ ሲቪዎ ላይ አንድ መስመር ማብራሪያ ያኑሩ፤ መልማዩ ከደወለ ግን እሱ ሳይጠይቅ እርስዎ አስቀድመው ይንገሩት።